ክንዱ ያጠረው ርቀቱን ይመርጣል

የካቲት 2

ሀፊዝ፣ የሻሞላ ግጥሚያ ባለጎማ ወንበርህን ሳላስፈቅድህ ወሰድኩት። አትቆጣ። ረዳቱ ሚኒባሱ ላይ እየሰቀለው "ባለቤቱስ?" አለኝ። "ቀድሞኛል" አልኩት። "ያለ ወንበሩ?" ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለን አፈርኩ። ግን አንተ ብትሰማው ከሁላችን በላይ ትስቅ ነበር።

አሠልጣኛችሁ ጋሽ ጸጋው ናቸው አምጣው ያሉኝ። "አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሻሞላ፣ ሁለት ጭምብል፣ ሁለት ገጣሚ ነበረኝ። አሁን ዊዳድ ብቻዋን ቀረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳኝተሃቸዋል፤ ተቀመጥና ግጠማት" አሉኝ። እግሩ ደህና የሆነ ሰው መግጠም ይችል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ሲቀመጡ ሁሉም እኩል ነው" አሉ።

ከቀበርንህ ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። የሚጠይቀን ሁሉ "ትኩሳት ነው የወሰደው" ይላል። እማ "ቀኑ ደርሶ ነው" ትላለች። ፍራሿን በአንተና በእኔ አልጋ መሃል ዘርግታ ነው የምትተኛው። ስለዚህ አንድም ጠዋት ብቻዬን ነቅቼ አላውቅም። የዘወትሩ ወንበርህ በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው። እስካሁን ያነሳው የለም።

የካቲት 4

ነገ የፊዚክስ ፈተና አለ። ግን ሌላ ነገር እየለካሁ አመሸሁ።

የጋሽ ጸጋው ወረቀት ወንበሮቹ የሚታሰሩበት ብረት ከመሃለኛው ብረት ጋር መቶ አሥር ዲግሪ መሆን አለበት ይላል። ለምን መቶ አሥር? የእማን ሁለት በርጩማዎች አስቀምጬ በፕሮትራክተር ሞከርኩ። ፊት ለፊት ከሆኑ ጉልበት ከጉልበት ይጋጫል። ጎን ለጎን ከሆኑ ክንድ አይደርስም። አዘንብለው ሲቀመጡ ግን የሻሞላው ክንድ ይቀርባል፣ እግር ይርቃል። እንዲህ ይመስለኛል። አንተ ይህን ጠይቀህ ታውቃለህ? እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ቆሜ ነጥብ ብቻ ነበር የምቆጥረው።

የካቲት 8

ዊዳድ ገና ከበሩ ስገባ "ዳኛው መጣ! ካርድህን ደብቅ" አለች። እህቷ ሙና ናት ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ የምታመጣት። ሰፈራችን አንድ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ አብረን እንወርዳለን።

ወንበርህ ላይ አልተቀመጥኩም። ከጥበቃው ቤት የእንጨት ወንበር አምጥቼ ብረቱ ላይ በገመድ አሰርኩት። ጋሽ ጸጋው አዩኝና አለፉኝ። ዊዳድ ግን ዝም የምትል አይደለችም።

"ይሄ የድንኳን ወንበር ነው። እኔ ከለቅሶ ቤት ወንበር ጋር ነው የምገጥመው?"

ሙና "አንቺ!" ብላ ቆነጠጠቻት። ዊዳድ ቀልዷን ስትረዳው ፊቷ ጠቆረ። እኔም ገመዱን የማጠብቅ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ርቀት ስንለካ ክንዴ ከእሷ ሁለት ጣት ይረዝማል። በሕጉ ክንዱ ያጠረው ነው ርቀቱን የሚመርጠው፤ ከፈለገ በራሱ ክንድ ልክ፣ ከፈለገ በሌላው። ይህ ሕግ ደስ ይለኛል። ሌላ ቦታ ሁሉ የሚመርጠው ክንዱ የረዘመው ነው።

አምስት ለዜሮ አሸነፈችኝ። ሦስተኛው ላይ ወንበሬ ተንሸራቶ ልወድቅ ነበር።

የካቲት 12

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሲስተር ነጂባ ጋ ገባሁ። መጨረሻ ላይ ቁስልህን ያጥቡልህ የነበሩት። ለባዮሎጂ የቤት ሥራ ነው አልኳቸው። ጥያቄው፦ በአጥንትና በወንበር መሃል የተጫነ ቆዳ ደም ሳያገኝ ስንት ደቂቃ ይቆያል?

"የሚሰማው ሰው ሳያውቀው ይንቀሳቀሳል፤ ቆዳው ራሱ ያስቸግረዋል" አሉ። "የማይሰማው ግን አስታዋሽ ይፈልጋል። በየሩብ ሰዓቱ በክንዱ ተደግፎ ከወንበሩ ብድግ ማለት አለበት። ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ሰው ቆዳውን ይይለት። ለሀፊዝ ስንቴ ነግሬዋለሁ።" ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "የቤት ሥራው ስንት ገጽ ነው?"

"አንድ።"

"አጭር ነው" አሉ።

ጠዋት በታሪክ ክፍለ ጊዜ ምንም ሳልነቃነቅ ለመቀመጥ ሞከርኩ። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ አቃተኝ። አንተ ሁለት ሰዓት።

የካቲት 16

ዛሬ ዊዳድ በሁለት ነጥብ መሃል እጆቿን ጎማው ላይ አድርጋ ትንሽ ብድግ አለች። አፌ ቀድሞኝ "መቀመጫ!" ብዬ ጮህኩ፤ ከወንበሩ መነሳት ያስቀጣል። አንድ ነጥብም ቀነስኩባት። ራሴ እየገጠምኳት ራሴ ዳኛ።

"ወላሂ ከወንድምህ ትብሳለህ!" አለች። "ግን እሺ። ሀፊዝ ሁለት ሰዓት ሳይነሳ ይቀመጥ አልነበር? ከእሱ አላንስም።"

ጋሽ ጸጋው "ይሄ ነው ዲሲፕሊን" አሉ።

እኔም "ጎበዝ" አልኳት። ለምን ጎበዝ አልኳት?

የካቲት 23

ረመዳን ገባ። ጋሽ ጸጋውም ሁዳዴ ላይ ናቸው። "ሦስት ጾመኛ አንድ አዳራሽ ውስጥ። ማን ማንን ሊወጋ ነው!" ይላሉ።

የውድድር ምርጫው ደብዳቤ ደረሰ። ዊዳድ ግንቦት ላይ ናይሮቢ ትሄዳለች። ሁለታችሁ ነበራችሁ የምትሄዱት፤ ስምህ አሁን የለም፣ ግን ተራ ቁጥሩ ከሁለት ይጀምራል። አንድ ቁጥርን ያጠፋው ሰው ሌላውን ማስተካከል ረስቶ ነው መሰለኝ።

እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ ሐኪሞች ያዩዋቸዋል። ወደፊት አጎንብሶ ያለ እጅ ድጋፍ መመለስ የሚችል ከሚችል፣ የማይችል ከማይችል ጋር ይመደባል። አንተ ከየትኛው ትመደብ ነበር? አጎንብሰህ ስትመለስ በእጅህ ትገፋ እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ። አላስታወስኩም። በየቀኑ እያየሁህ እንዴት አላየሁም?

መጋቢት 1

ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ። እማ ለተራዊሕ ሶላት መስጊድ ሄዳለች።

የጋሽ ጸጋው ወረቀት ከፊቴ ነው። "በግጥሚያ ጊዜ መቀመጫ ከወንበሩ መነሳት የለበትም። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ ለተጋጣሚ ነጥብ።" በግጥሚያ ጊዜ ነው የሚለው። አንድ ግጥሚያ ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ሁሉም እንደፈለገ ይነሳል።

ሁለቱን ሰዓት ያመጣኸው አንተ ነህ። ግቢያችን ውስጥ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር። "ሁለት ሰዓት ሳልነሳ ከተቀመጥኩ ሦስት ደቂቃ ምን ይሆናል? አንተ ዳኛ ሁን። ካየኸኝ ቅጣኝ፤ ወንድሜ ነው እንዳትል" አልከኝ። እኔም ወንድሜ ነው አላልኩም። አንዴ ስትነሳ አይቼ "መቀመጫ!" ስልህ "ክንዴን ላሳርፍ ብዬ ነው" አልክ። ቀጣሁህ። ሳቅክና ተቀመጥክ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከፎቁ መሥሪያ እንጨት ከወደቅክ ወዲህ ባሉት አራት ዓመታት አንተን የማዝዘው እዚያ ላይ ብቻ ነበር።

ዊዳድም ከእኛ ነው የተማረችው።

የመስታወቱንም ልጽፍ ነበር። አረንጓዴ እጀታ ያለውን። ማታ ማታ በጎንህ ትተኛና ከጀርባህ ይዤው እቆማለሁ፤ ከሥር በኩል የማይታየኝን እንዲያሳየኝ። ከወገብህ በታች በግራ በኩል ምስር የምታክል ቡናማ ምልክት አለችህ፤ ማየት የምጀምረው ከእሷ ነው። "ምን ይታያል?" ትለኛለህ። "ምንም የለም" እልሃለሁ።

እማ መጣች።

መጋቢት 6

ዛሬ ሙና ከሚኒባሱ ስንወርድ ለብቻዬ ጠራችኝ። ዊዳድ መቀመጫዋ ላይ ቀልቷል፤ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል። "ስጫነው አይነጣም" አለች።

ዊዳድ ሰምታን ወንበሯን እየገፋች መጣች። "ምንም አይደለም፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ነው። ለጋሽ ጸጋው ትንፍሽ ብትሉ! ካወቁ አይወስዱኝም። ለሲስተርም እንዳትነግሩ። ሙና፣ ማይልኝ።"

"እኔ አልምልም፤ ጾመኛ ነኝ" አለች ሙና።

"አንተስ ዳኛው?"

"እሺ" አልኩ።

እሺ አልኩ።

መጋቢት 8

አልተኛሁም። ሒሳብ ላይ ስሜን ሦስት ጊዜ ጠርተውኛል።

ብነግራት ከየት አወቅክ ትለኛለች። ከዚያ ሁሉንም መናገር ነው። እማም ትሰማለች። ሰፈሩም ይሰማል።

ባልነግራት ሌላ ሰው ይነግራት ይሆናል።

ማን?

መጋቢት 13

ነገርኳት።

ጋሽ ጸጋው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር፤ ቁልፉን ለእኔ ሰጥተውኛል። ሙና ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። ዊዳድ ብረቱ ላይ እንደታሰረች ናት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ "ዊዳድ፣ ስለ ሀፊዝ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው" አልኩ።

"ከዚያ ሆነህ አይሰማኝም።"

"ይሰማሻል።"

"ቅረብ አልኩህ! ክንዴ አጭር ነው፤ ርቀቱን የምመርጠው እኔ ነኝ።"

ከፊቷ ያለው ያንተ ወንበር ነበር። ተቀመጥኩበት። መቀመጫው ጎድጓዳ ነው፤ እንደ አንተ ሆኗል።

ሁለቱን ሰዓት ነገርኳት። ሲስተር ነጂባ ያሉኝንም። ከዚያ መስታወቱን። ታኅሣሥ ላይ ፈተና ስለነበረኝ ዘጠኝ ማታ በተከታታይ መስታወቱን ይዤ ከጀርባህ ቆምኩ፤ በሌላው እጄ ስልክ ይዤ የኬሚስትሪ ማስታወሻ ሳነብ ነበር። "ምን ይታያል?" አልከኝ። ሳላይ "ምንም የለም" አልኩህ። ዘጠኙንም ማታ። በአሥረኛው ሳየው ጣት የሚያስገባ ነበር። ትኩሳቱም በዚያው ሳምንት ጀመረህ።

ዊዳድ ሻሞላዋን አንስታ ጫፉን ደረቴ ላይ አሳረፈችው፤ ብረቱ እስኪጎብጥ ተጫነች።

"ይሄ ለሀፊዝ።" አንስታ ደገመችው። "ይሄ ደግሞ ለእኔ። አራት ሳምንት 'መቀመጫ! መቀመጫ!' ስትለኝ።"

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ!"

ሻሞላውን ጭኗ ላይ ጣለችው። ሁለት እጇን ጎማው ላይ አድርጋ ከወንበሯ ተነሳች። "ቁጠር፣ ዳኛው" አለች።

ቆጠርኩ። ስልሳ ላይ ሙና መጥታ "ምን እየሠራችሁ ነው?" አለችን።

መጋቢት 15

ሲስተር ነጂባ አዩአት። ቆዳው አልተከፈተም። ሦስት ሳምንት በሆዷ ትተኛለች፣ ጭራሽ አትቀመጥም። ከዳነ ትሄዳለች፤ ካልዳነ የለም። ለእኔ "የቤት ሥራውን አስረከብክ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ለጋሽ ጸጋው ራሷ ደውላ ነገረቻቸው። እኔ አዳራሹ ውስጥ እጠብቃቸው ነበር። ወረቀታቸውን አውጥተው ለረጅም ጊዜ አነበቡት። "የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስጄ አሠልጣኝ ተባልኩ። ስለ ክንድና ስለ ሻሞላ ጠየቅኩ፤ ስለ ቆዳ አልጠየቅኩም" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተን ደግሞ በጾም አልሰድብህም። ፋሲካ ይለፍ።"

መጋቢት 21

ዒድ። ከሶላት እንደተመለስን እማ ያንተን ሸሚዝ አለበሰችኝ። እጅጌው ይረዝመኛል።

ጎረቤት ሲሄድ ነገርኳት። መስታወቱንም፣ ዘጠኙንም ማታ። ሰሃን እያጠበች ነበር፤ አላቆመችም።

"አውቅ ነበር" አለች።

"ምኑን?"

"ሱሪውን የማጥበው እኔ አይደለሁ? የቁስሉን ነጠብጣብ ካንተ ቀድሜ አየሁት። ስጠይቀው 'እማ፣ ምርጫው እስኪያልፍ ብቻ፤ ካወቁ አይወስዱኝም' አለኝ። በአላህ ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩት።"

ሰሃኑን ደፋችው። ሌላ አነሳች።

"ቀኑ ደርሶ ነው የምለው ለሰው አይደለም። ለራሴ ነው" አለች። "አብሽር ልጄ። አንተ ዘጠኝ ቀን ነው ያላየኸው። እኔ እያየሁ ነው ዝም ያልኩት።"

ሰሃኑን ማድረቅ ጀመርኩ።

ሚያዝያ 18

ቆዳው ዳነ! ሲስተር በጣታቸው ጫን አድርገው ለሙና አሳዩአት፤ ነጥቶ ይመለሳል።

ጋሽ ጸጋው እንደቃላቸው ሰደቡኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ሰደቡኝ፣ ከዚያ ከፋሲካው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

ወንበርህ ላይ ነው የምገጥመው። ያንተ ስልክ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ ይጮሃል። ሲጮህ ነጥብ መሃልም ብንሆን እንቆማለን፤ ዊዳድ ትነሳለች፣ እኔም እነሳለሁ። እኔ ሃያ ላይ እወድቃለሁ፤ እሷ ስልሳ ትደርሳለች። አንተ ስንት ትደርስ ነበር? እንድትቆጥር ፈቅጄልህ አላውቅም።

አሥራ አምስት ለዘጠኝ ተሸነፍኩ። ዘጠኙን ግን ለፍቼ ነው ያገኘኋቸው።

ግንቦት 3

ዊዳድና ጋሽ ጸጋው ዛሬ ከኮምቦልቻ በረሩ። ለሙና ቲኬት የለም። አረንጓዴውን መስታወት ለዊዳድ ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችው። "ከዚህ ጋር ጥፋትህንም ነው የምታሸክመኝ?" አለች።

"መስታወት ብቻ ነው።"

"እሺ ዳኛው" አለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ግንቦት 5

እማ የዘወትር ወንበርህን ይዛ ቢስቲማ ሄደች። እህቷ ዘንድ መራመድ ስለማይችል ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ሰው አለ፤ ስለ አንተ ሶደቃ ትሰጠዋለች። አርብ ትመለሳለች። ፍራሿን ጠቅልላ ጓዳ አስገባችው። "ትልቅ ሰው ሆነሃል" አለችኝ፤ ግን ደጋግማ ዞር ብላ ታየኝ ነበር።

ማታ ዊዳድ ደወለች። ሐኪሞቹ መድበዋታል፤ ከነገ ወዲያ ትገጥማለች። የምትገጥማት ልጅ ክንዷ በጣም ረጅም ነው አለችኝ። "እኔ ነኝ የምመርጠው!" ትላለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስማ። ጀርባዬን ማየት አልቻልኩም። መስታወቱን ስይዝ ክንዴ ይጋርደዋል፤ በስልክ ሳነሳ ጥቁር ነው የሚወጣው። ጋሽ ጸጋውን እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ስንመጣም በአውሮፕላን ብዙ ተቀምጫለሁ።"

ጠዋት ዘዴ እፈልግልሻለሁ አልኳት።

ግንቦት 6

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። በሩ አጠገብ ወንበር የለም፤ መሃል ወለሉ ላይ ፍራሽ የለም። ከዚያ የእማን የተሰነጠቀ መስታወት አመጣሁ።

ብርሃን ያለው ያንተ አልጋ ላይ ነው፣ መስኮቱ ሥር። እስከ ዛሬ ተኝቼበት አላውቅም። ሸሚዜን አወለቅኩና ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ በጎኔ ተኛሁ። መስታወቱን ከኋላዬ ትራሱ ላይ አስደገፍኩ፤ የስልኬን የፊት ካሜራ ከፍቼ ከፊቴ ያዝኩ። መጀመሪያ ጣሪያው ታየኝ። ቀጥሎ ክርኔ። መስታወቱን በካልሲ ከፍ አደረግኩት፤ መጋረጃውን ሙሉ በሙሉ ከፈትኩት። በአራተኛው ሙከራ የራሴ ጀርባ ታየኝ።

ለዊዳድ በድምፅ ላኩላት። "ጀርባሽን ለመስኮት፣ መስታወቱ ትራስ ላይ፣ ከሥሩ ካልሲ፣ ስልኩ ከፊትሽ። መብራት አይበቃም፤ የቀን ብርሃን ነው የሚፈልገው።" እየጠበቅኳት እዚያው ተኝቼ ቆየሁ። ሩብ ሰዓት ሲሆን ስልክህ መስኮቱ ላይ ጮኸ። ተነሳሁ። ተመልሼ ተኛሁ።

መልሷ መጣ። "አየሁት! ንጹህ ነው። ወላሂ ንጹህ ነው። አንተስ፣ አንተ ምን ታየህ?"

አፌ "ምንም የለም" ሊል ነበር። መልሼ ስልኩን አነሳሁና በደንብ አየሁ። ከወገቤ በታች፣ በግራ በኩል።

"ምስር የምታክል ቡናማ ምልክት" አልኳት። "እንደ ሀፊዝ።"

ከዚያ ሸሚዜን ለብሼ አልጋህን አነጠፍኩ፤ ቤቱን ቆልፌ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።